ለደም ሞተር ፊርማ ፍለጋ ወደ ቤተ ልሔም

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት አንድ ፊርማ ፍለጋ ነው። በምሠራበት ሐኪም ቤት የተኛችው የአሥራ አምስት ዓመቷ አገሬ ልቧ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ክረምቱን አትዘልቅም፤ ከውጭ የመጡት ሐኪሞች ደግሞ ያለ አባቷ ፈቃድ አንነካትም ብለዋል። አባቷ በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ናቸው። እኔ ቁስል የማጥብና የማሽግ ድሬሰር ነኝ፤ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ልቧን ስለሚተካው ማሽን የማውቀው ሐኪሙ በጥድፊያ የነገረኝን ብቻ ነው።

ከደብረ ታቦር ወዲያ

አውቶቡሱ ደብረ ታቦር ጣለኝ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። ሁለት ቀን በገብስ ማሳ መካከል ቆሎ እየቆረጠምሁ፣ የሐኪሙን ቃል እንደ ዳዊት ደገምሁት፦ ልቧ ይቆማል፤ ደሟን ሞተር ይገፋዋል፤ በሞተሩ ማጠራቀሚያ ደም ሲያንስ ሞተሩ ራሱ ይዘገያል፣ ሲበዛ ይፈጥናል። በደገምሁት ቁጥር ይበልጥ ጠፋብኝ።

ቤተ ልሔም

አባቷን የኔታን የተማሪ ዜማ ሲያርሙ አገኘኋቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ሞተሩ ማን እየሰማ ሲያርመው ነው የሚዘገየው?» አሉኝ።

«ራሱ ነው፣ የኔታ። አጠገቡ ግን ባለሙያ ይቀመጣል።»

«ራሱን የሚያርም ከሆነ ሰውየው ምን ይሠራል?»

«እኔም አልገባኝም» አልሁ።

እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸውን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። «ልቧ በቆመበት ሰዓት ስንጸልይ፣ ስሟን ከሕያዋን ጋር ነው የምንጠራው ወይስ ከሙታን?»

ይህንንስ ሐኪሙም አልነገረኝም። ተማሪዎቹ ሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ልቡ የቆመ ሙት ነው ሲል፣ ገሚሱ ደሟ ይዞር የለም ወይ ይላል። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ።

«ተማሪ ትንፋሽ ሲወስድ ዜማው አለቀ እንላለን?» አሉ የኔታ። «ከሕያዋን ጋር ጥሯት።» ከዚያ ፈረሙ። ከፊርማው ሥር አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ይላክልን። ልቧ መመለሱን እስክንሰማ ቆመን እንጸልያለን፤ አንቀመጥም።»

አዲስ አበባ

እንደ ቃላቸው ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሜ ላክሁ። በዕለቱ ከበር ቆሜ ሞተሩ ሲዘገይና ሲፈጥን፣ ባለሙያው ዓይኑን ሳይነቅል ሲመለከተው አየሁ፤ ማን ማንን እንደሚመራ ዛሬም አልገባኝም። ከቀትር በኋላ የአገሬ ልብ ተመልሶ መታ። አለቀስሁ።

የኔታ የጻፉት ትዝ ያለኝ ዕንባዬን ስጠርግ ነው። ያንን መንገድ በበቅሎ ሄጄበት ሳለ ርቀቱን አላሰብሁትም፤ ሞኝነቴ ገባኝ። ወደ ቴሌግራም ቤት ሮጥሁ። ቃሉ ደብረ ታቦር በሰዓታት ይደርሳል። ከዚያ እስከ ቤተ ልሔም ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ የኔታም ገና አልተቀመጡም።