አውጫጭኝ ከማንጎው ስር

ጀውሃ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ የበሰለ ማንጎ ከሚሸጡት አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት ተዘርግተው አየሁ። አንዱን በሽፋኑ አወቅሁት።

ልጅ ሳለሁ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ቀትሩ ሲያቃጥል፣ ዓይናቸው የደከመው አያቴ ግቢያችን ካለው ማንጎ ስር ያንን የግድያ ልብ ወለድ ያስነብቡኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ገጾቹ ተገንጥለው አገኘናቸው። አያቴ ሳቁና፣ "እንግዲያው እንደ ድሮው አውጫጭኝ እንቀመጥ። ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም አይነሳም!" አሉ።

እናቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡና እኔ በየተራ የልብ ወለዱን ገረድ ጠርጥረን "ገረዷ ናት" አልን። ውሃ ይዛ የቆመችው ሠራተኛችን አለሚቱ ተራዋ ሲደርስ፣ "ምን ስታደርግ አያችኋት?" ብላ ጠየቀች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። አያቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"በቃ፣ ተነሱ። ገዳዩ አልተገኘም፤ የተገኘነው እኛ ነን" አሉ።

አለሚቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች።

መጽሐፉን ገዛሁት። የዚህኛው የመጨረሻ ገጾች አሉ። ሸዋ ሮቢትን አልፈን ወደ ጣርማ በር እየወጣን ነው፤ እስካሁን ጭኔ ላይ እንደተከደነ ነው። ገረዷ ሆና ብትገኝስ?