ነባሩ የፍጥነት መቀነሻ

የጋሽ ፍሬን ስም ፍሬን አይደለም። ስሙን ያወጡላቸው የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ናቸው። ሾፌር በነበሩበት ዘመን ሁለተኛ ማርሽ ካስገቡ በኋላ ሦስተኛ መኖሩን የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። የቸኮለ ሰው ፌርማታው ላይ የእሳቸውን አውቶቡስ ሲያይ መንገዱን በእግሩ ይያያዘዋል። አንዳንዱም ይቀድማቸዋል።

በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አልገጩም። ለዚህ ያመሰገናቸው ግን የለም። ያልተገጨ ሰው መትረፉን በምን ያውቃል?

ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሚስታቸው ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉት፣ «ባለቤቱን አገኘ» አሉ።

ቤታቸው አስፋልት ዳር ነው። ከአስፋልቱ ወዲህ ሰፈሩ አለ፤ ከወዲያ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ አሉ። ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ ለመማርም፣ ለመታከምም፣ ለመጫወትም መጀመሪያ መሻገር ያስፈልጋል። ድሮ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለነበር መኪናው ሁሉ እንደ በሽተኛ እያቃሰተ ነበር የሚያልፈው። ነዋሪው ተሰብስቦ አቤት አለ፤ መንገዱ ታደሰ፤ ሁሉም ተደሰተ። ብዙ ሳይቆይ ውሻ ተገጨ። ማንም ምንም አላለም። ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተገጭታ ክንዷ ተሰበረ። ያን ጊዜ ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባው ረጅም ነበር። የተናገረው ሁሉ «አንድ ነገር መደረግ አለበት» አለና ተቀመጠ። ጋሽ ፍሬን ሳይናገሩ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት በርጩማቸውን ተሸክመው መብራት እንጨቱ ሥር ተቀመጡ።

መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚዘረጉት። ሾፌሮቹ ታክሲ የሚጠሩ ሽማግሌ መስለዋቸው እየተከታተሉ አለፏቸው። አንዱማ ቆሞ፣ «ወዴት ነህ፣ አባት?» አላቸው። ስለዚህ ወደ ቤት ተመልሰው የትልቁን ድስት ክዳን አመጡ። ቀይ ነው፤ መሀሉ ላይ ጥቁር እጀታ አለው። ከሩቅ ሲያዩት የትራፊክ ምልክት ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት የድስት ክዳን ነው፤ ግን ቅርብ የደረሰ ሾፌር ቀድሞ ፍሬን ይዟል።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ፍሬን ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ አሉ፤ ሲወጡም አሉ። በመሀል ያለውን ሰዓት ቤት ገብተው ምን ይሠራሉ፤ ያኔም እዚያው ናቸው። አንድ ሰው አልተገጨም። ቤት ውስጥ ድስቱ ትሪ ተከድኖበት ማብሰል ለመደ።

ችግሩ ጉልበታቸው ነበር። ቀኙ፣ ያ ዕድሜ ልኩን ፍሬን ሲረግጥ የኖረው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጨርሶ መታጠፍ እንደሚያቆም ነገራቸው። ከተደረገ ደግሞ ለብዙ ወራት መንገድ ዳር መቆም የለም።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አሉ ሚስታቸው።

«ቀጠሮ ሰጠኝ።»

«እና?»

«አራዘምኩት።»

«እንደገና?»

«ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ።»

«አምና ትምህርት ሲዘጋ ምን ነበር ያልከው?»

«ሲዘጋ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናቸው አልኩ። ውሸት ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ያ እግርህ የደረቀ ቀን በርጩማህ ላይ ትቼህ ነው የምሄደው። ክዳኔን ግን ይዤ ነው።»

በማግስቱ ሚስታቸው ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄዱ። ፀጉር ሠሪዋ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ያስቀረችው እሷ ናት፤ ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያ ሊወስዱት ሲሉ ያስጣለችውም እሷ ናት። የተመረጠችው አንደበቷ ቀና ስለሆነ አይደለም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሷ ፊት አንገቱን ደፍቶ ስለሚቀመጥ ነው። ጭንቅላቱ በሳሙና የተለቀለቀ ሰው አይከራከርም።

«ወይ መንገዱ ላይ ጉብታ አሠሪ፣ ወይ ባሌን መልሺልኝ» አሏት።

ፀጉር ሠሪዋ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። ከሁሉ ቀድሞ የፈረመው የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው ነው። «ከፍ ተደርጎ ይሠራ» የሚል ሐሳብም ጨመረ። ጎማና ጉብታ ሲጋጩ ማን እንደሚጠቀም ስለሚታወቅ ሐሳቡ ሳይመዘገብ ቀረ።

ከመንገድ መሥሪያ ቤት አንድ ኢንጂነር ተላከ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ የሚስቅ ግን አይመስልም። የመኪና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያውን ጥላ ሥር ተክሎ ቁጭ አለ። ጋሽ ፍሬን አዩት። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ እሳቸውም እንግዳ ያሳፍራሉ እንዴ! ክዳኑን በአመድ ፈትገው አበሩት፤ ሸሚዛቸውን ቀየሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይቀመጡ ዋሉ። አንድ መኪና እንኳ አላመለጣቸውም።

መልሱ በደብዳቤ መጣ። ፀጉር ሠሪዋ ሱቋ ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችው። በተጠቀሰው ሥፍራ ተሽከርካሪዎች የሚጓዙት ከተፈቀደው ፍጥነት በጣም ዝቅ ብለው ስለሆነ ጉብታ መሥራት አያስፈልግም ይላል።

«ጋሽ ፍሬን፣ ምነው? ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢያርፉ?» አለች።

«መለኪያ ለያዘ ሰው ስል ልጅ ይገጭ?»

«ይገጭ አልወጣኝም። መኪናው ይሩጥ ነው ያልኩት።»

«የሚሮጥ መኪና ምን እንደሚያደርግ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

ጎሚስታው በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። «ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ የሚድን በሽተኛ ሆንን እኮ» አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ይግባኝ አለች። ኢንጂነሩ እንደገና ሊለካ ተስማማ፤ ከትሕትናው የተነሣ የሚመጣበትን ቀን ጭምር ነገራት። በዚያ ቀን አስተማሪዎቹ ልጆቹን ከሰፈሩ በታች ባለው ድልድይ ሥር አዙረው ሊያስገቡ ተነጋገሩ። ጋሽ ፍሬን ቤት ሊውሉ ተወሰነ። ውሳኔው ሲተላለፍ እሳቸው አልተጠየቁም። ሚስታቸው ክዳኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ጉያቸው ከተቱ። ጎሚስታው ለጥበቃ ተመደበ።

መስኮቱ ተዘግቷል። ጆሮ ግን አይዘጋም። ጋሽ ፍሬን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ያዳምጣሉ። የመጀመሪያው መኪና ከሩቅ ሲመጣ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ረገጠ።

«ይረጋጉ፣ ጋሼ። ልጆቹ በድልድዩ ሥር ነው የሄዱት» አለ ጎሚስታው።

«አውቃለሁ።» ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉና፣ «ቀነሰ» አሉ።

«ምኑ?»

«መኪናው። በሦስተኛ ነበር የመጣው፤ ሁለተኛ አስገባ።»

«ማን አስቀነሰው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ጠባቂዬ አንተ ነህ።»

ሁለቱም ተነሥተው በመስኮቱ ስንጥቅ አዩ። መኪኖቹ መብራት እንጨቱ አጠገብ ሲደርሱ ፍሬን ይይዛሉ። ሾፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው ግራ ቀኝ ያያሉ። የበርጩማው ባዶ መሆን ጭራሽ አስፈርቷቸዋል፤ ክዳኑ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅማ። አንድ ሚኒባስ ጨርሶ ቆመ።

«ሽማግሌው የለም እኮ፣ ንዳው!» አለ ረዳቱ።

«ተው፣ ተደብቆ ነው!» አለ ሾፌሩ።

ኢንጂነሩ ጥላው ሥር ሆኖ ይጽፋል።

ጎሚስታው መስኮቱን ለቆ ተቀመጠ። «ጋሽ ፍሬን፣ ቢሞቱ እንኳ ጉብታ አይሠራልንም» አለ።

«ልማድ ነው፤ አይቆይም። መንገዱን የማያውቅ አዲስ ሾፌር የመጣ ቀን ያበቃል።»

«አዲስ ሾፌር መቼ ይመጣል?»

«በየቀኑ።»

ሚስታቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው ሰሙ። የጉልበቱ ሕክምና ለሌላ ዓመት መራዘሙ እንደሆነ ገባቸው። ያን ቀን ትሪው በድስቱ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

በሚቀጥለው ሳምንት አራቱም መንገድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። የኢንጂነሩ ክፍል ጠባብ ነው። ወንበሩ ሁለት ስለሆነ ጋሽ ፍሬንና ሚስታቸው ተቀመጡ፤ ፀጉር ሠሪዋ ቆመች፤ ጎሚስታው በሩን ያዘ።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ኢንጂነሩ። «መኪናው እየተሳበ በሚሄድበት መንገድ ላይ ጉብታ ይሠራ ብል አለቃዬ ሥራ ፈታህ ወይ ይለኛል።»

«ወዶ አይደለም የሚሳበው። እኚህን ፈርቶ ነው።»

«ገብቶኛል። ነገር ግን እኛ የምንጠየቀው ‹ነባር የፍጥነት መቀነሻ አለ ወይስ የለም› ተብለን ነው። እሳቸው ቢኖሩም ባይኖሩም መኪናው ቀነሰ። ስለዚህ ‹አለ› ብያለሁ። ሌላ ምን ልበል?»

ፀጉር ሠሪዋ የጋሽ ፍሬንን ጉልበት አየች።

«ነባሩ መቀነሻ ቢያረጅሳ?» አለች።

«ይጠገናል።»

«ካልተጠገነስ?»

«ይተካል። ያ እንኳ ልኬትም አይጠይቅ። የጥገና ክፍል ሥራ ነው።»

«ጋሽ ፍሬን፣ እስቲ ይነሡ።»

ጋሽ ፍሬን ነገሩ ሳይገባቸው ተነሡ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ከጎን ክፍል አንድ ሰው፣ «ምንድን ነው የተሰበረው?» ብሎ ጠየቀ። ሚስታቸው ከቦርሳቸው የራጅ ፊልም አውጥተው መስኮቱ ላይ ለጠፉት።

«ይኸው፣ ስንጥቁ» አሉ።

ኢንጂነሩ ወደ መስኮቱ ሄደ። እንደ መንገድ ንድፍ ከላይ እስከ ታች አየው።

«የድሮ ሥራ ነው?» አለ።

«በጣም የድሮ» አሉ ሚስታቸው።

«ጥገና ተሞክሯል?»

«ቅባትም፣ ኪኒንም።»

«ከዚህ በኋላስ?»

«ብረት ይገባበታል ተብሏል። ያን ጊዜ ከቦታው ይነሣል።»

«ከቦታው የሚነሣ ከሆነ መተካት አለበት» አለና ወንበሩ ላይ ተመልሶ መጻፍ ጀመረ። አልሳቀም። እየቀለደ ይሁን የምሩን ያን ቀን አልታወቀም፤ እስከ ዛሬም አልታወቀም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሽ ፍሬን አኩርፈው ነበር። «እኔን እንደ ቱቦ» አሉ።

«ዝም በል» አሉ ሚስታቸው። «በዕድሜህ ቶሎ ያለቀልህ ጉዳይ ይኼ ብቻ ነው።»

ጉብታው ተሠራ። ጥቁር ነው፤ ነጭ መስመር ተቀብቶበታል፤ ከመብራት እንጨቱ ትይዩ ነው። ጎሚስታው አነሰ ብሎ አማረረ። ጋሽ ፍሬን ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው ሆስፒታል ገቡ። ጉልበታቸው ተከፈተ፤ ብረቱ ገባ፤ ተዘጋ። ሚስታቸው በዚያው ሰሞን ክዳኑን አጥበው ወደ ድስቱ መለሱት። አልገጠመም። አንድ ጊዜ አልቆምም ያለ ታክሲ ኮፈን የተመታው በእሱ ነበር። ትሪው ሥራውን ቀጠለ።

ጋሽ ፍሬን በክራንች ተደግፈው ከቤት በወጡበት የመጀመሪያ ጠዋት በቀጥታ ወደ መብራት እንጨቱ ሄዱ። በርጩማው እዚያው ነው። ተቀመጡ። የድሮ መሥሪያ ቤታቸው አውቶቡስ እየከነፈ መጣ፤ ጉብታውን አየ፤ ቀነሰ፤ ተንገጫግጮ አለፈ። ከውስጥ ተሳፋሪዎቹ ሾፌሩን ሲሰድቡ ተሰማ። ስድቡን ያውቁታል፤ ድሮ ለእሳቸው ሲባል ነበር።

ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ልጅ መጣች። ትልቅ ልጅ ሆናለች። ስልኳን እያየች ተሻገረች። ግራ አላየችም፣ ቀኝ አላየችም፤ ጉብታው አለላታ። ሌሎቹም ልጆች እንደዚያው ተከታተሏት። ድሮ ክዳኑ ሳይነሣ አስፋልቱን የሚረግጥ አልነበረም። ይኼ ጋሽ ፍሬንን ደስ አላላቸውም።

ሚስታቸው ከበሩ ሆነው አዩዋቸው። «አንተ ሰውዬ፣ አትቁም አልተባልክም?»

«ተቀምጫለሁ።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ? ተተክተሃል እኮ!»

«አዲስ ሠራተኛ ብቻውን አይተውም» አሉ ጋሽ ፍሬን። «መኪናውን ይዟል፤ ልጆቹን ግን ገና አልቻላቸውም። እኔ ስቀጠር አሠልጣኜ ወራት ሙሉ ጎኔ ተቀምጧል።»

«እና ይኼን እስከ መቼ ልታሠለጥነው ነው?»

«አያያዙን አይቼ።»

ሚስታቸው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ክዳኑን ይዘው ነበር። ጭኖቻቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«ለድስቱ አይሆንም» አሉና ተመልሰው ገቡ።