የቀማሹ ፊርማ

የውኃ መሥሪያ ቤቱ መመርመሪያ መሣሪያ ከተሰበረ ስድስት ዓመቱ ነው። እስኪጠገን ተብሎ የተቀጠረው ደግሞ የአንድ ሰው ምላስ ነው። ሰውየውን ሁሉም «ቀማሹ» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ከዋናው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ይጎነጫል፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል። ከዚያ «ጣዕም፦ የለውም። ይጠጣ።» ብሎ ይፈርምና ወረቀቱን በሩ ላይ ይለጥፋል። ኩራቱን ብታዩት! ምላሴ ይበላሻል ብሎ ሽንኩርት እንኳ በሥራ ቀን አይነካም።

ከከተማው በላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ እጣቢውን ወንዙ ውስጥ እንደሚደፋ ማን ያጣዋል? ግን ወረቀቱ አለ። ወረቀት ካለ ደግሞ ክርክር የለም።

ጉዱ የፈላው የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ልጁ ለመውለድ እሱና ሚስቱ ቤት የገባች ጊዜ ነው። በማግስቱ ብርጭቆውን ከአፏ መለሰችው።

«አባዬ፣ ይሄ ውኃ ይመራል።»

«እርግዝናው ነው የኔ ልጅ» አለች እናቷ። «እኔም አንቺን ሳረግዝ ሁሉ ነገር ሳሙና ሳሙና ይለኝ ነበር።»

«የፈረምኩበት ውኃ ነው፣ ጠጪ!» አለ እሱም ቆጣ ብሎ። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣች።

በሳምንቱ ዓይኗ እየደከመ የመጣባት ሚስቱ የሁለቱም ሻይ ላይ በስኳር ፈንታ ሦስት ሦስት ማንኪያ ጨው ሞጀረች። ፉት እያለ ጨረሰና «ትንሽ ስኳር ብታክዪበት» አላት። እሷ ከራሷ ብርጭቆ አንዴ ተጎንጭታ እንትፍ! ተያዩ። ቀማሹ ሎሚ ቆርጦ ላሰ፤ ምንም። ቃሪያ አላመጠ፤ ምንም። ለካ ያ ሁሉ ዓመት የቀመሰው ውኃ ምላሱን ገድሎታል! ልጁ ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማ ስታየው ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ብርጭቆ ውኃ ይዞ ወደ አለቃው በረረ።

«ጌታዬ፣ ምላሴ ሞቷል። ምንም አይለይም።»

የአለቃው ፊት በራ። «ታዲያ ምን ቸገረህ? ቅጹ የሚፈልገው ጣዕም የለውም እንድትል ነው። ዋሸህ እንዴ?»

«እስቲ እርስዎ ይቅመሱት።»

«እኔማ ሐኪም ከልክሎኛል» አለና ከጠረጴዛው ሥር የታሸገ ውኃውን አውጥቶ ጠጣ።

ቀማሹ ቅጹን ሳብ አድርጎ «ይመራል፣ አትጠጡ» ብሎ ጻፈ።

«በምን አወቅህ? አይለይም ብለህ የለ!»

«ልጄ ነገረችኝ።»

«የቀጠርነው ያንተን ምላስ ነው እንጂ የልጅህን ነው እንዴ? ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ!»

ቅጹን ይዞ ወጥቶ በሩ ላይ ለጠፈው።  ጀሪካን የያዙ አንዲት እናት ቀረብ ብለው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። እንግዲህ ስድቡን ሊያወርዱብኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ተመስገን!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመረኝ፣ ምላሴ ታሞ መስሎኝ፣ ያንተን ወረቀት እያየሁ ስጠጣው ኖርኩ። ጤነኛ ነኝ ማለት ነዋ?»