በዳኛ ሀንዲሶ ድንኳን የተለቀሰለት

ሞርሲቶ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ውቢት ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ፓስተሮቹ ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም እያሉ ቢገሥጿትም፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ሁሉም የሚልከው እሷ ዘንድ ነው። እሷ አንድ ግጥም ትላለች፣ ለቀስተኛው ተቀብሎ ይደግመዋል፣ ከዚያ በኋላ እንባ ነው።

ይህችን አልቃሽ ለገዛ ወንድሟ እንዳታለቅስ የከለከላት የጎሳችን ዳኛ ሀንዲሶ ነበር። ወንድሟ ሽብሩ የግጦሹን መሬት ለዘመዶችህ አደልህ ብሎ በሸንጎ ፊት ተናገረው። ዳኛውም ከጎሳው አስወጣው። ሽብሩ በዚያው ዓመት ታሞ ሲሞት፣ ማንም እንዳይቀብረው፣ ማንም እንዳያለቅስለት አዘዘ። አገሩ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ውቢት ከአሮጊት እናቷ ጋር ጉድጓድ ቆፍራ፣ ድምፅ ሳታሰማ ቀበረችው። እንደ ውሻ ነው የተቀበረው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ዘንድሮ ሀንዲሶ ሞተ። ልጁ ሚክያስ ከሆሳዕና በመኪና መጥቶ፣ እትዬ ውቢት፣ ያለ አንቺ የአባቴ ለቅሶ ለቅሶ አይሆንም ብሎ ለመናት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ውቢት አላንገራገረችም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች።

ሰዉ ከድንኳኑ ተርፎ ሜዳውን ሞልቶታል። መሀል ገብታ ቆመች። ያለችው በሀዲይኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው ግማሽ ጣዕሙ ይጠፋል፦

«ሽብሩ ወንድሜ ተነስ፣ ለቀስተኛ መጣልህ፤
እንባ የነፈገህ ሰው ድንኳኑን ጣለልህ።»

ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተቀበለ። የማን ስም እንደሆነ ልብ ያለው ሲደግመው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አፉ አልዘጋ አለው። በር ዘግተው የነበሩት ሁሉ ደረታቸውን እየደቁ አነቡ። የሀንዲሶ ሚስት እንኳ አለቀሰች። እኔ ደስ አለኝ፤ በለቅሶ ቤት ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሚክያስ ተጠግቶ ክንዷን ያዘና ለማን እንደምታለቅስ ጠየቃት።

«ላልተለቀሰለት» አለችው። «አባትህ ተራውን ይጠብቅ።»

ሀንዲሶ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ የሰዉ ድምፅ ተዘግቶ፣ ዓይኑ ደርቆ ነበር። ውቢት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ዳኛውን አፈር ሲያለብሱት የተሰማው የአካፋ ድምፅ ብቻ ነው።