እስር ቤት የተጀመረ ሹሩባ

ያደግሁት ዲላ፣ ከአባቴ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ነው። ሱቅ ያሳደገው ሰው አፉ አያርፍም፤ ንዴቴም ቅርብ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት አንድ የሰብዓዊ መብት ቢሮ የታሰሩ ሴቶችን በደል መዝግቢ ብሎ ሲቀጥረኝ እናቴ፣ «በይ እንግዲህ፣ አንቺንም እንዳይጨምሩሽ!» ብላ ሳቀችብኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከዲላ ወጣ ብላ ባለች ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። በሞተር ሄድኩ። የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ቆሜ በቢሮ አማርኛ፣ «የደረሰባችሁ የመብት ጥሰት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሁሉም ባንድ አፍ፣ «ኧረ ምንም! ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን!» አሉኝ።

ጠባቂዋ ፖሊስ ዞር ብላ፣ «ሰማሽ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ግን ማንን ልቆጣ? እኛ አገር እንግዳ እንዴት ናችሁ ሲል፣ ጓዳው እየተቃጠለም ቢሆን መልሱ ደህና ነን ነው። እኔስ ጥርሴ ሊገድለኝ ሲደርስ ደህና ነኝ ስል አይደል የኖርኩት!

ጥግ ላይ አንዲት ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች፤ ኮንጋ ከሚባል ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ፀጉሬን እያየች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ይኼን ፀጉር ምን ነካው?» የሞተሩ ንፋስ የሠራውን ሠርቶታል። «ነይ ልሥራልሽ» አለች። እምቢ ማለት አልሆነልኝም፤ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቶቿ መካከል ተቀመጥኩ። ጠባቂዋም ነገሩ ሹሩባ መሆኑን ስታይ ሰለቻትና ፀሐይ ልትሞቅ ወጣች።

ያኔ ጉዱ ወጣ። ፊት ለፊት ኀዘኑን ለእንግዳ የማይናገር ሰው፣ ለማጅራት ይናገራል። ጣቶቿ ሳይቆሙ ነገረችኝ። ከሰው ተጣልቶ የተሰወረው ባሏ ነው፤ «ባልሽ እስኪመጣ» ተብላ የታሰረችው እሷ። ፍርድ ቤት አልቀረበችም፣ ሐኪም አላያትም፣ የምትተኛውም እዚያው ሲሚንቶ ላይ ነው። «ሌላው ይቅር፤ እዚህ እንዳልወልድ ነው የምፈራው» አለች። ሌሎቹም ቀጠሉ፤ ወንድ ጠባቂ እንደሚፈትሻቸው፣ ሞዴስ ሲጠይቁ እንደሚሳቅባቸው። እያንዳንዷን «ልጻፈው?» አልኩ። «ጻፊው!» አሉ።

ጠባቂዋ «ሰዓት አልቋል» ብላ ስትመለስ የቀኙ ተሠርቶ የግራው እንደ ቆመ ነበር።

«ቀሪውን ስወጣ እጨርስልሻለሁ» አለችኝ ልጅቷ።

እልኸኛ ነኝ፤ ያንን ፀጉር ንክች አላደርገውም አልኩ። ዲላ ገበያ መሀል ሻሼ ተንሸራቶ ጉዴን ያየች አቮካዶ ሻጭ፣ «ምነው እህቴ፣ መሐል ላይ ብር አለቀብሽ እንዴ?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከቢሯችን ጠበቃ ጋር አቤቱታ ይዘን ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ ፖሊሱን፣ «የተጠረጠረችበት ወንጀል ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ባሏ ነው፣ ክብርት ዳኛ፣ ሰው ደብድቦ...»

«ስለ ባሏ አልጠየቅኩም። እሷ ምን አደረገች?»

ዳኛዋ ትፈታ ብለው አዘዙ። ከሰዓት በኋላ ተለቀቀች። ችሎት ውስጥ እልል ልል ስል ጠበቃው ክንዴን ያዘኝ፤ ታዲያ ደጅ ወጥቼ አቀለጥኩት! ወንዱ ፈታሽም ተነስቶ ሴት ተመደበች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በምን ልንገራችሁ! ሞዴሱን ግን እስካሁን እየተጨቃጨቅንበት ነው፤ እንደማልለቃቸው ያውቃሉ።

ብዙም ሳትቆይ ጤና ጣቢያ ሄዳ በሰላም ተገላገለች። ዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ፣ እህቷ ቤት፣ አጥሚት ይዤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያልኩ ገባሁ። አንዲት ቀይ ጨቅላ እጇን ጨብጣ ተኝታለች። ልጄን ያየሁ ያህል አለቀስኩ፤ ሳቅኩም።

እናቲቱ ሕፃኗን ለእህቷ አቀበለችና ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። «ሻሹን አውልቂና ቁጭ በይ።»

«አራስ ነሽ እኮ!»

«ጣቴ አልወለደ! ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። የግራውን ጀመረችው። ትንሽ ቆይቼ ጀርባዬን እንደሰጠኋት፣ «እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አለች። ከዚያ ጣቶቿ ቆሙ። ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ። «ይኼኛው ደህና ነኝ የእውነት ነው፤ ፊቴን እያየሽ ጻፊው።»