ወደ ቂብላ የዞረው ሶላር

የእናቴን ደረት ያበላሸው የላምባ ጭስ ነው። ከራሴ አውጥቼ አይደለም የምናገረው። የሰው ስም በከንቱ ማንሳት እንደምፈራ ሁሉ የላምባንም ስም በከንቱ አላነሳም። መካነ ሰላም ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም ማዳመጫውን ከጀርባዋ ሳያነሳ፣ “እማማ፣ ቤትዎ ውስጥ ምን ይነዳል?” አላት።

“ኩራዝ ነዋ ልጄ። ሌላ ምን አለና?”

“እሱ ከቤት ካልወጣ ይሄ መድኃኒት አይረዳዎትም።”

ኩራዝ ከቤታችን ይውጣ ማለት ቀላል አልነበረም። አባቴ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሸህ ናቸው። ደረሶቻቸው ከመግሪብ እስከ ኢሻ ሶላት፣ ፀሐይ ከጠለቀች እስኪመሽ ድረስ፣ በየኩራዙ ዙሪያ ተኮልኩለው ይቀራሉ፤ ላምባ የምትሞላው፣ ክር የምታስተካክለው፣ ጥላሸት የምትጠርገው እናቴ ናት። ጠዋት ተነስተን ስንናፈጥ ጥቁር ይወጣን ነበር። ሁሉም ቤት እንደዚያው ስለነበር እንደ በሽታ አልቆጠርነውም።

ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከመንገዱ እስከ መንደራችን የመብራት ምሰሶ ተተክሏል፤ ሽቦ ግን የለውም። ሰዉ በቅሎ ያስርበታል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በየስብሰባው “ዘንድሮ” ይላል፤ ዘንድሮ አምና ይሆናል። እኔ ያኔ ተድሬ ድሬዳዋ ከገባሁ ቆይቻለሁ። እዚያ በየሱቁ በር ሶላር ተደርድሮ ሳይ ስከርም ከሐኪሙ የሰማሁት ቃል አላስቀምጥ አለኝ። ባለሱቁን አንድ ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሳምንት ቆይቼ ደግሞ ጠየቅኩት። “ምን አስፈራሽ እህቴ?” አለኝ። “ፀሐይ ወዳለችበት ታዞሪዋለሽ፣ አለቀ።”

በግንቦት ይዤው ሄድኩ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አውቶብስ ጣሪያ ላይ አሳሰርኩት። ለመንደራችን በሚቀርበው ደጎሎ ላይ ሲያወርዱት አንዱ ወያላ፣ “መስታወት ነው እንዴ? ለሙሽራ ነው?” አለኝ። “አዎ፣ ለሙሽራ ነው” አልኩት። ውሸት አይደለም፤ እናቴም አንድ ቀን ሙሽራ ነበረች።

ቤት ስደርስ ደረሶቹም አጎቴም ቆርቆሮው ላይ ወጡ። ወዴት ይዙር ተባለ። እኛ ሰፈር አንድ ነገር ሲተከል ወዴት ይዙር ከተባለ መልሱ የታወቀ ነው፤ የቤቱ በር፣ የሬሳው ፊት፣ ሲታረድ የበጉ አንገት ሳይቀር ወደ ቂብላ፣ ለእኛ ወደ ሰሜን፣ ነው። “ወደ ቂብላ ይሁን፣ በረካም አለው” አለ አጎቴ። አባቴም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ ባለሱቁን ሁለት ጊዜ የጠየቅኩት እኔ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተስማማሁ። ያን ዕለት አምፖሉ ሲበራ ደረሶቹ በአንድ ድምፅ አልሐምዱሊላህ አሉ። እናቴ ኩራዞቹን ለቅማ ጆንያ ውስጥ ከተተቻቸው።

ድሬዳዋ ተመልሼ ክረምቱ አለፈ። ኅዳር ላይ አጎቴ ስልክ ደወለ። “ያ ነገርሽ ደከመ። ኢሻ ሳይደርስ ድርግም ይላል። እናትሽ ኩራዞቹን ከጆንያው አውጥታለች።”

“ሳሉስ?”

“ተመልሷል።”

በታኅሣሥ ተነስቼ ሄድኩ። መንደሩ ውስጥ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ “ሸሁ ሶላሩን አሰገዱት፤ ሲሰግድ ውሎ ማታ ጉልበት ያጣል” ብሎ ሰዉን አስቆታል። እውነት ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር። እኔ ግን እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ ስታነጋ አይቻለሁና አልሳቅኩም። ባትሪውን ፈታሁ፣ ገመዱን አየሁ፣ ሰሌዳውን አስጠረግሁ። ምንም የለበትም። ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳስብ አባቴ የዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ጥላ ሊለኩ ወጡ። የሶላትን ሰዓት የሚያውቁት በሰዓት አይደለም፤ ግቢው መካከል ባቆሙት ቀጥ ያለ እንጨት ጥላ ነው።

“አባዬ፣ ጥላው ዛሬ ወዴት ወደቀ?”

“ወደ ቂብላ ነዋ። በታኅሣሥ መች ወደ ሌላ ወድቆ ያውቃል?”

“ጥላው ወደ ቂብላ ከወደቀ ፀሐይዋ ወዴት ናት?”

እንጨቱን አዩ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን አዩ።

“ሱብሃነላህ! ጀርባውን ሰጥቷታል!” እዚያው እንጨቱን ተደግፈው ሳቁ። “አርባ ዓመት ጥላ ስለካ ኖሬ! ግንቦት ላይማ ጥላው ወዲያ ይዞራል፣ ፀሐይዋ ወደ ቂብላ ትመጣለች። ያኔ የሠራው ለዚህ ነው።”

አጎቴ ግን ደስ አላለውም። “ከቂብላ አዞሩት ይባላል እኮ ሸህዬ። ሰዉ ምን ይላል?”

“ለእኛ ቂብላችን አንድ ነው” አሉት አባቴ። “ለሱ ሁለት ያስፈልገዋል፤ አንድ ለበጋ፣ አንድ ለግንቦት። ሶላት ያለብን እኛ ነን፣ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም።”

ደረሶቹ ለእርሻ ወጥተው ነበር፤ አጎቴም አልወጣም አለ። ሱሪ ከቀሚሴ ስር አጠለቅኩ፣ ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ፣ መሰላሉን አባቴ ያዙልኝ። ጎረቤት በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ “ኧረ ሴት ጣሪያ ላይ ወጣች!” ይላል። “አብሽሪ ልጄ፣ አትስሚያቸው” ይላሉ አባቴ ከታች። ሚስማሩን ነቅዬ ወደ ደቡብ ዞር አድርጌ መታሁት።

ያን ዕለት መብራቱ ኢሻን አልፎ ዘለቀ። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ መጣ።

“ሸሁ፣ ሰኞ ከዞን እንግዶች አሉ፣ ምሰሶውን ሊያዩ። ይቺን ነገር ካዩ ‘እነዚህማ መብራት አላቸው’ ብለው ሽቦውን ለሌላ ቀበሌ ይሰጡብናል። ወይ አውርዱልኝ፣ ወይ ከሽቦው ዝርዝር ትሰረዛላችሁ።”

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ሽቦውን ለመንደሩ ይፈልገዋል። ነገር ግን መብራት ማለት ለሱ ከላይ የሚወርድ፣ በመዝገብ የሚታደል፣ ያጨበጨበ የሚያገኘው፣ ያጉረመረመ የሚቀርበት ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያየው እሱን ነው። እኛም ዕድሜያችንን ሙሉ እጃችንን ዘርግተን የጠበቅነው እሱን ነው። ፀሐይ ግን መዝገብ የላትም። አላህ ለሁሉም ያወጣትን፣ ለማን ትድረስ ለማን ትቅር ብሎ የሚፈቅድ ሰው ሊኖር አይገባም። ይህን ልነግረው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ በታላላቆቼ ፊት መናገር ስለማልወድ ዋጥኩት።

አባቴ ወደ እናቴ ዞሩ። “ደረቱ ያንቺ ነው። አንቺ ተናገሪ።”

እናቴ በሸማ ጫፍ እጇን ጠረገች። “ሰኞ ሲመጡ ለነሱ ብለን አውርደነው፣ ማክሰኞ ኩራዙን የሚምገው ማን ነው? አንተ ነህ?”

“እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ለሁለት ቀን እኮ ነው።”

“ለሁለት ቀን ብለህ ነው ምሰሶውን የተከልከው? ስሜን ፈልገውና ሰርዝ። እያየሁህ ሰርዘው።”

“ኋላ እንዳትቆጪ።”

“ኋላም ሰርዘው።”

ሊቀመንበሩ ቆሞ ጠበቀ፤ አባቴ ይመልሷታል ብሎ ይመስለኛል። አባቴ ወደ ቆርቆሮው ቀና ብለው ያያሉ። እስክሪብቶውን አወጣና መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ስሟን በመስመር ሰረዘው።

ከዓመታት በኋላ ሽቦው መጣ፤ ከእኛ በር ፊት አልፎ ወደ ጎረቤት ገባ። የይቅርታ ማመልከቻ ካስገባችሁ መብራቱ ይቀጠልላችኋል ተብለናል። ድሬዳዋ ሆኜ በስልክ ምን ብዬ ልጻፍላቸው ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። “ምን አጠፋሁና?” አለችኝ። እኔም አልጻፍኩም፤ ሌላም ሰው እንዲጽፍልን አልፈቀድኩም።