ቀይ ቃጫ፣ ነጭ ቃጫ

ዳንኤል መጠጥ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን መጀመሪያ ያስያዘኝ ዕቃ ሻከር ነው። ከዚያ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ፤ ሻከር ግን አይቼ አላውቅም። አጭር የሻይ ፔርሙዝ መሰለኝ። "መጠጡን ከበረዶ ጋር ጨምሬዋለሁ፤ ዝም ብለሽ ናጭው" አለኝ። እኔ የማውቀው መናጥ አንድ ነው። ጭኔ ላይ አስተኛሁትና ወተት በቅል እንደሚናጥ ቀስ እያልኩ ወዲህ ወዲያ አልኩት። ዳንኤል ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

"እትዬ አበበች፣ ቅቤ አይወጣውም!"

"ታዲያ ምን ይወጣዋል?"

"ብርድ!"

ዳንኤል እንደ ብዙዎቹ የሆሳዕና ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነበር። ሌሎቹ ሱቅ ሠርተው ሲመለሱ እሱ ውቅያኖስ ዳር ባለ መጠጥ ቤት ሠርቶ ነው የመጣው። ቲኪ ባር ይለዋል። እዚህም ያንኑ ሠራ፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሳር፣ መጠጡ አናናስ፣ ሎሚና በቆርቆሮ የሚመጣ የኮኮናት ወተት። ዝንጅብሉን ከሀደሮ እናስመጣለን። በላዩ አንድ መለኪያ ሩም ይገባል። ለማይጠጣው ደግሞ ያለ ሩም፤ በኛ ከተማ የማይጠጣው ብዙ ነው።

በር ላይ ከግንድ የተጠረቡ አራት ፊቶች አቆመ። የጠረባቸው የሌሞ አናጢ ነው፤ ጥርሳቸውን አግጥጠዋል። ሰፈሩ ጉድ አለ። ዳገቱ ላይ ካለው የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ፣ መምህር ማርቆስ መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

"ወንድሜ ዳንኤል፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ጌጥ ናቸው፣ መምህር።"

"ጌጥ ጥርስ አለው?"

ዳንኤል በማግሥቱ አራቱንም ወደ ግድግዳ አዞራቸው። ደንበኛ ሲገባ የሚያየው አራት ጀርባ ሆነ።

ሻከሩን ቢያስይዘኝም እኔ የገባሁት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። በስድስተኛው ወር ወጥ ቤት አለፍኩ፤ ክትፎ፣ አታካና፣ በአናናስ የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ የኔ ሆነ። ባርማኑ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ባሩንም ያዝኩ። ሻከር መምታትንም ለመድኩ፤ ትከሻ ድረስ ከፍ አድርጎ ነው የሚመታው፣ ብርዱ ጣትን ሲቆረጥም ይበቃል።

ኮሮና ሲመጣ ወንበሮቹን ደራርበን አስቀመጥን። ዳንኤል "ቴካዌይ እንሠራለን" አለ።

"ማን ይገዛል? ሰው ምግብ በፌስታል አንጠልጥሎ ሲሄድ ተደብቆ ሊበላ ነው አይሉትም?"

"አሁን ሁሉም ተደብቆ ነው የሚበላው፣ እትዬ።"

የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልመጣም። ዳንኤል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊቶቹን መልሶ ወደ መንገድ አዞረና ለአራቱም ማስክ አሰረላቸው። ጥርሳቸው ተሸፈነ። ሰው ፎቶ ሊነሳ መጣ፣ ፎቶ የተነሳው አናናስ አዘዘ። መምህር ማርቆስ ሲያልፉ ቆም ብለው "አሁን ይሻላሉ" አሉ ተባለ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የምግብ ካርቶን ሲቋረጥ ምግቡን በኮባ መጠቅለል ጀመርኩ። ኮባውን እሳት ላይ ለብ ሳደርገው ይለሰልሳል፣ አይቀደድም። አታካና ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ስለሆነ በካርቶን ሲሄድ ይደርቅ ነበር፤ በኮባ ሲሄድ ግን ሙቀቱን ይዞ ይደርሳል። መጠጡን በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እንሞላለን። ዳንኤል መጀመሪያ ወረቀት ለጠፈበት፤ ወረቀቱ ሲረጥብ ይወድቃል። እኔም የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከጽሑፍ ይልቅ ዓይኔ ላይ እተማመናለሁ። ስለዚህ ጠርሙሱ አንገት ላይ የእንሰት ቃጫ አሰርኩ። ነጭ ቃጫ ሩም የሌለው ነው፤ ሰፌድ ሠሪዎች በሚነክሩበት ቀለም የነከርኩት ቀይ ቃጫ ሩም ያለው። ዳንኤል ይህን ሲያይ "እትዬ፣ ደቡብ አፍሪካ እንኳ እንዲህ አላየሁም" አለኝ። ደስ አለኝ።

አሁን ስለ ፍርሃቴ ልናገር። ልጄ ምሕረት አስም አለባት። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰው ስለ በሽታው ሲያወራ እኔ የምሰማው የሷን ትንፋሽ ነው። የሰው ቤት መግባት አቆምኩ። ለቅሶ እንኳ ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው የደረስኩት። ሥራ ቦታ ያየሁትን ሁሉ በበረኪና አጥባለሁ፤ የእጄ ቆዳ እስኪላጥ። ጠርሙሱ ተሞልቶ፣ ቃጫው ታስሮ፣ ከመውጣቱ በፊት በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከር አድርጌ አወጣዋለሁ። ይህን ያዘዘኝ የለም፤ የራሴ ሥርዓት ነው።

ምግቡን የሚያደርሰው በላቸው የሚባል የባጃጅ ሾፌር ነው። ማስኩ ሁልጊዜ አገጩ ሥር ነው።

"አንተ፣ በሽታው ባገጭ ነው እንዴ የሚገባው?"

"ያማረው አገጬ ነው እትዬ፣ እሱን ልጠብቅ እንጂ።"

አንድ ቀን ጠዋት ምሕረት ሳለች። ሁለት ጊዜ ነው የሳለችው፣ አቧራ ነው አለችኝ። እኔ ግን ልቤ እዚያው ቀረ። ሥራ ገብቼ በረኪናውን ሳልለካ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ትእዛዝ መጣ። አንዱ ከባንክ ሠራተኞች፣ ክንፍና ሩም ያለው መጠጥ። ሌላው ከመምህር ማርቆስ ቤት። ባለቤታቸው ትዕግሥት ከወለደች ስምንት ቀኗ ነው። በደኅናው ቀን ቢሆን አራስ ቤት ሰው ይሞላ ነበር፤ ቅቤው፣ ገንፎው፣ እልልታው። አሁን ማንም አይገባም። መምህሩ ስልክ ደውለው "እትዬ አበበች፣ ሰው ቀርቶባታልና ቢያንስ አታካናሽ ይምጣላት። ያንን አናናስም ጨምሪላት፤ ያለ ሩሙን እንግዲህ" አሉኝ።

"መምህር፣ እኔ እያለሁ!" አልኳቸው።

ሁለቱን ጠርሙስ ሞላሁ፣ ቀይና ነጭ አሰርኩ፣ ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። ሌላ ቀን ነክሬ ነው የማወጣው። ያን ቀን ግን አታካናው እንዳያርርብኝ ወደ ምድጃው ሄድኩና እዚያው ተዘፍዝፈው ቆዩ። በላቸው ውጭ ጥሩምባ ነፋ። ጠርሙሶቹን ሳላይ አውጥቼ በጨርቅ ጠረግኩ፤ ዓይኔ ኮባው ላይ ነበር።

"ነጩ የአራሷ ነው" አልኩት።

"ነጩ የአራሷ" አለና ሄደ።

ባልዲውን ልደፋ ስመለስ ውሃው ቀላ ብሏል።

ቀለሙ ለቋል ማለት ነው። ሁለቱም ነጭ ሆነው ነው የሄዱት። በላቸውም አላየም፣ እኔም አላየሁም። የስምንት ቀን ሕፃን የምታጠባ ሴት ቤት ሩም ልኬ ይሆናል።

ደወልኩለት፤ ባጃጁ ሲጮህ ስልክ አይሰማም። መምህሩም አያነሱም። ለዳንኤል "ባሩን ያዝ" ብዬ ሽርጤን ሳልፈታ ዳገቱን ሮጥኩ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሴቶች "ምን ሆነሽ ነው የምሕረት እናት? ልጅቷ ደኅና ናት?" ይሉኛል። ትንፋሽ የለኝም፣ እጄን ብቻ አወዛውዛለሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ከቤት ውስጥ መዝሙር ሰማሁ። ከፍ ያለ ነው፣ ጭብጨባም አለው። ብቻውን የሚዘምር አንድ ድምፅ ነው፤ የአሮጊት ድምፅ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ትዕግሥት ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ኮባው ፊቷ ተከፍቷል።

"ትዕግሥት፣ ጠጥተሻል?"

"ምኑን?"

"ጠርሙሱን!"

"የት አግኝቼ። አራስ ቀዝቃዛ አትጠጣም ብለው ወሰዱብኝ" አለችና በዓይኗ አማቷን አሳየችኝ።

የመምህሩ እናት እማማ አማረች መስኮቱ ሥር ናቸው። ጠርሙሱ እግራቸው አጠገብ ነው፤ ባዶ። ጉንጫቸው ቀልቷል።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?" አሉኝ። "ነይ ግቢ! ሰው ከጠፋ ስንት ቀኑ! ይኸው ደረቴን አሞቀልኝ፣ ወገቤን ለቀቀልኝ። ዝንጅብሉ ነው አይደል?"

አዎ ዝንጅብሉ ነው ብል እዚያው ያልቅ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልኮል ያልቀመሱ፣ ጠላ ያለበት ቤት የማይገቡ ሴት ናቸው። ትዕግሥትም ነገ ያንኑ ደረት የሚያሞቀውን ላኩልኝ ብላ ብታዝና ትንሽ ሞቅ አድርጋ ብትጠጣውስ?

"እማማ፣ ዝንጅብሉ አይደለም። ሩም ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት።"

ትዕግሥት ሕፃኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች። እማማ አማረች ጠርሙሱን አንስተው አዩት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት።

"ሦስት መዝሙር ዘምሬበታለሁ" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"ዝም በይ። ባትነግሪኝ ኖሮ ነገም ዝንጅብል ብዬ አምጪ እል ነበር።" ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ተነስተው መጡና እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። ለወራት የሰው እጅ አልነካሁም ነበር። ምሕረት ትዝ አለችኝ። ግን አራስ ቤት ደርሼ በሩ ላይ እንዴት ልቁም? ገባሁ። ሕፃኑን ከሩቅ አየሁት። እንደ አባቱ ግንባሩ ሰፊ ነው።

ስመለስ የባንክ ልጆች ደውለው ነበር። "ዛሬ ምን ነካችሁ? የጸሎት ቤቱን መጠጥ ነው የላካችሁልን?" ብለዋል። በላቸው አንገቱን ደፍቶ "በላቸው ነው ያቀያየረው በያቸው፤ ባጃጁ የራሴ ነው፣ እኔን ማን ያባርረኛል" አለኝ። እምቢ አልኩት። ለዳንኤል ሁሉንም ነገርኩት።

"መምህሩ ነገ መምጣታቸው አይቀርም" አለ። "እኔ አልናገርም። አንቺ ነሽ የምታናግሪያቸው።"

ቤት ገብቼ ልብሴን ግቢ ውስጥ አጠብኩ። ሁለት ሳምንት ማድ ቤት ተኛሁ፣ ምሕረትን በመስኮት እያየሁ። "እማዬ፣ እስር ቤት የገባሽው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" ትለኛለች። አልታመመችም። እስከ ዛሬ ደኅና ናት።

መምህር ማርቆስ በማግሥቱ መጡ። ማስክ ካደረጉት ፊቶች ጎን ቆሙ፤ እሳቸውም ማስክ አድርገዋል፣ አምስት ሆኑ። ሥራዬን የማጣበት ቀን ነው ብዬ ሽርጤን ፈትቼ በእጄ ይዤ ወጣሁ።

"እናቴ ልካኝ ነው" አሉ። "አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደ ትናንት የተኛችበት ቀን የለም።"

ሽርጤን በእጄ ጠቀለልኩት።

"ሌላ ጠርሙስ ትፈልጋለች፤ ያለ ሩሙን። ዝንጅብሉ በዛ ይበል ብላለች።" ማስካቸውን ከፍ አደረጉና "ራስሽ አምጪው። ነጩን በላቸው ካመጣው አልቀበልም ብላለች" አሉ።

ሽርጤን መልሼ አሰርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃጫ አልነክርም። ሩም የሌለው አንድ ቋጠሮ ነው፣ ሩም ያለው ሁለት። በጨለማም፣ በረጠበ እጅም፣ ማንበብ የማይችልም በጣቱ ያውቀዋል። አሁን ወንበሮቹ ተመልሰዋል፣ ፊቶቹም ማስካቸውን አውልቀዋል፤ ቴካዌዩ ግን አልቀረም፣ ቋጠሮውም አልቀረም። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ከሻከሩ በፊት የማሳየው እሱን ነው። በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ ምልክት በቀለም አታድርጉ። ቀለም ይታጠባል።